እምቢ የሌለበት መስኮት

“ኧረ ጉድ ሆንኩ! ሄደ እኮ!” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፣ እጃቸውን ከማውሱ ላይ ብድግ አድርገው።

ዮርዳኖስ ሮጣ ደረሰች። ወይዘሮዋ ሲተይቡት ያረፈዱት የተማሪዎች ስም ዝርዝር ከስክሪኑ ላይ የለም። የቀረው ባዶ ነጭ ገጽ ነው።

“አይዞዎት፣ እትዬ አልጣሽ። ቅጂው እኔ ጋ አለ” አለች፣ ፍላሿን ከአንገቷ እያወለቀች። ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም። ለምን ይኖራል? በምትሠራበት ባሕር ዳር ባለ ትንሽ ድርጅት የፕሮግራሙን ኮድ የሚጽፉት ሌሎች ቢሆኑም፣ ተጠቃሚው የሚያየው ሁሉ፣ መስኮቱም፣ ቁልፉም፣ ቃሉም የእሷ ሥራ ነው። ለጽሕፈት ቤቶች የተሠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አማርኛ የሚናገር የኮምፒውተር ገጽ፣ ዴስክቶፕ! አለቃዋ ስንታየሁ “አገርሽ ነው፣ ሰዎቹንም ታውቂያቸዋለሽ” ብሎ ለሙከራ ወደ እስቴዋ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲልካት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። አንዲት የእስቴ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይዛ ወደ አገሯ ትገባለች?

ሙከራው የሚያበቃው ዛሬ ነው። ማምሻውን ደውላ “ይሂድ” ካለች የፕሮግራሙ ሲዲ ተባዝቶ በማግስቱ በአቅራቢያ ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ወገዳና ወደ አርብ ገበያ ይጫናል፤ እሷም ከኮንትራት ሠራተኝነት ወጥታ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ትሆናለች። “አይሂድ” ካለች ደግሞ ያዘዙት መሥሪያ ቤቶች ሌላ አቅራቢ ይፈልጋሉ፤ የእሷም ውል ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስንታየሁ ይህን ሲነግራት ቃሉን አላለዘበም።

“ምን ተጭነው ነው?” ስትል ጠየቀች ዝርዝሩን እየመለሰች።

“እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ መለስኩ።”

“ምን ብሎ ጠየቀዎት?”

“‘መዝገቡ ይጥፋ?’ አለኝ። እሺ አልኩት።”

“እንዲጠፋ ፈልገው ነው?”

“በስመ አብ! ምን አድርጎኝ?”

“ታዲያ ለምን እሺ አሉት?”

ወይዘሮ አልጣሽ ትክ ብለው አዩዋት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት ስንት ዓመት ያስተዳደሩ ሴት ናቸው፤ የማይረባ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ያውቃሉ። “ምን ልበል ታዲያ? ሰው ሲናገርሽ መጀመሪያ እሺ ነው የምትይው። ሰማሁ ማለት ነው። ከዚያ ነገሩ ይታያል። ይሄ ግን እሺ ከማለቴ ጠራርጎ ወሰደው። የምን ጥድፊያ ነው?”

ከጎን ባለው ኮምፒውተር የተቀመጠችው ዚነት ሳቋን ለቀቀችው። ዚነት ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ወጣት ነጋዴ ናት፤ የዕቃዎቿን ዝርዝር ይዛ ለሙከራው የመጣችው በራሷ ፈቃድ ነው።

ዮርዳኖስም ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከነከናት። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። እዚህ አገር እሺ ትሕትና ነው፣ ነገር ማብረጃ ነው። ለሠርግ ተጠርቶ አልመጣም የሚል ሰው የለም፤ እሺ ይልና ይቀራል፣ ጠሪውም አይቀየምም። ይህን እያወቀች ያንን ቃል አምጥታ መዝገብ ማጥፊያ አደረገችው። ቢሆንም፣ እትዬ አልጣሽ ትንሽ ችኩል ናቸው ብላ ራሷን አጽናናች።

ቀጥሎ የተቀመጡት መሪጌታ ቀለመወርቅ ናቸው፤ የቤተ ክህነቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ። እሳቸውን ችኩል የሚል ሰው አልተወለደም። መነጽራቸውን አስተካክለው እያንዳንዱን ቃል ድምፅ አውጥተው እያነበቡ፣ የአጥቢያዎቹን ስም ፊደል በፊደል እየለቀሙ ቀስ ብለው ሄዱ። በመጨረሻ መዝገብ ማጥፊያው ጋ ሲደርሱ ያው ጥያቄ ብቅ አለ፤ ከሥሩም ሁለቱ ቁልፎች፦ “እሺ” እና “ይቅር”። መሪጌታ ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ።

“የኔታ፣ የመሰለዎትን ይጫኑ። እኔ መናገር የለብኝም” አለች ዮርዳኖስ።

“እኔ የምፈልገው መዝገቡ እንዲኖር ነው።”

“እንግዲያውስ…” ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

“መዝገቡ ይጥፋ? እሺ” ሲሉ አነበቡ። “መዝገቡ ይጥፋ? ይቅር።” ደግመው ደጋግመው አፈራረቁት። “እሺ ብል ይጠፋል። ይቅር ብል ደግሞ መዝገቡ ይቅር ማለቴ ነው፤ ያው ጠፋ። አዎንታው ሁለት ሆነ፣ ልጄ። አሉታው የት አለ?”

“ማጥፋቱ ይቅር ለማለት ነው፣ የኔታ።”

“ማጥፋቱ የሚል የት ተጻፈ?”

አልተጻፈም። ዮርዳኖስ ስክሪኑን አየችው፤ እንደ አዲስ አየችው። መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና “እንግዲህ እኔ አልነካውም” አሉ።

“እኔኮ አላጠፋሁም!” አለች ዚነት ከወንበሯ ዞር ብላ። “መጣብኝ፣ በደንብ አለፍኩት።”

ዮርዳኖስ ነፍሷ መለስ አለላት። “ጎበዝ! እንዴት አወቅሽው?”

“ቀላል ነው። እሺ ኦኬ ነው፣ ይቅር ካንስል ነው አልኩና ካንስሉን ተጫንኩት።”

“እንግሊዝኛውን ባታውቂውስ?”

“ባላውቅማ እንደ እትዬ አልጣሽ ጠርጌው ነበር” ብላ ዚነት እንደገና ሳቀች፤ ወይዘሮ አልጣሽም በፈገግታ ትከሻዋን መታ አደረጓት።

ዮርዳኖስ ተናደደች፤ በእነሱ ግን አይደለም። አማርኛ ይናገራል ብላ የኮራችበት ዴስክቶፕ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ወጥመድ ሆኖ አረፈው። ለማን ነበር የሠራችው?

“አታኩርፊ እንጂ” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ ፊቷን አይተው። “ፊደሉ ደማቅ ነው፣ ዓይን አያደክምም። ፎልደሩን መሳቢያ ማለትሽ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! እንደ ቢሮዬ መሳቢያ ነው፣ ያስቀመጥኩትን አገኘዋለሁ። ጥፋቱ አንድ ቦታ ነው።”

እሱስ እውነት ነበር። ሥራዋ መልካም ሥራ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያበሳጫትም ይኸው ነው። በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ።

“ዮርዲ፣ እንዴት ሆነ?” አለ ስንታየሁ። “ይሂድ?”

ያየችውን ሁሉ ነገረችው። እሱ አላቋረጣትም፤ ስትጨርስ ግን ቀለል አድርጎ “ይህማ የቃል ጉዳይ ነው” አላት። “መመሪያው ላይ አንድ መስመር እንጨምርበታለን። ዓለም ሁሉ እኮ በዚሁ ቁልፍ ነው የሚሠራው።”

“ወገዳ ያለ ጸሐፊ መመሪያ ገልጦ አያነብም፣ ስንታየሁ። እኔ ራሴ አላነብም።”

“በሚቀጥለው እትም እናስተካክለዋለን። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው። ነገ ይጫን፣ እሺ?”

እሺ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ለአባቷም፣ ለአስተማሪዋም፣ ለአለቃዋም ስትላት የኖረች ቃል ናት። እሺ ብላ ብትዘጋው ማንም አይወቅሳትም፤ ከዚያ ነገሩ ይታያል። ግን ማን ያየዋል? ወገዳ ላይ የሚጠፋውን መዝገብ እሷ ቆማ አትመልሰውም። ፈራች። ኃላፊነቱን ትፈልገው ነበር፤ በጣም ትፈልገው ነበር።

“አይሆንም” አለች። “አይሄድም።”

“ውልሽን ታውቂዋለሽ” አላት ስንታየሁ።

“አውቀዋለሁ። እዚሁ ሆኜ አስተካክዬ እልክልሃለሁ። እኔ የሠራሁት ነገር የሰው ድካም እያጠፋ አይዞርም።”

“ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ” ብሎ ዘጋው።

“ምን አለሽ?” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

“እደውላለሁ አለ።”

“ይደውላ!”

ወንበር ስባ ከመሪጌታ ጎን ተቀመጠችና ሁለቱን ቃላት አጠፋቻቸው። “በሉ፣ አሉታውን አምጡልኝ” አለቻቸው።

“‘አጥፋው’ እና ‘አታጥፋው’ ብትያቸውስ?” አለች ዚነት።

“በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት” አሉ መሪጌታ። “እኔን የመሰለ ዓይነ ደካማ ይሳሳታል።”

“‘ይቀመጥ’ በያት” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። “ሰው መዝገቡን ምን ይሁንልኝ ነው የሚለው? ይቀመጥልኝ ነዋ።”

መሪጌታ ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዮርዳኖስ በአንደኛው ቁልፍ ላይ “ይጥፋ”፣ በሌላኛው ላይ “ይቀመጥ” ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛውንም ሰፋ አድርጋ የቸኮለ እጅ በሚያርፍበት በኩል አደረገችው። ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ለወይዘሮ አልጣሽ ለቀቀች።

ወይዘሮዋ ማውሱን ጨብጠው ጥያቄውን ማንበብ እንደጀመሩ ስልኩ ጠራ። ስንታየሁ ነው።

“አንሺው እንጂ፣ እንጀራሽ አይደለም እንዴ?” አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ።

“መጀመሪያ እርስዎ ይጨርሱ” አለች ዮርዳኖስ።