ትንሽ ከፍ ቢል

ባለቤቴ ሃሴት በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ሁለተኛው ረድፍ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። ከፊቷ የሚቆሙት ረጃጅሞቹ ናቸው። ረጃጅሞቹ ለምን ከፊት እንደሚቆሙ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም፤ አሰላለፉ እንደዚያው ሆኖ ቆየ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምጿን ለብቻው የሰማነው እኔና እናቷ ብቻ ነን።

ዘንድሮ የመዝሙር ኮሚቴው ለዓመታዊው ኮንፈረንስ በአንድ ሰው የሚዘመር አንድ አዲስ መዝሙር እንደሚመርጥ አስታወቀ። ቀረጻው እስከ ዓርብ በቴሌግራም መድረስ አለበት ተባለ። ሃሴት ወጥ እያማሰለች የምታንጎራጉረው የራሷ መዝሙር ነበራት። «ጊዜ፣ እንላከው ይሆን?» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። ግዛቸው ነው ስሜ፤ ጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ከልቧ ስትፈልግ ነው። ሕይወቷን ሙሉ ከሌሎች ጋር ዘምራለች፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻዋን መሰማት ፈለገች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤታችን ውስጥ ቀረጽን። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደገፍን፣ ፍሪጁን ነቀልን። ሃሴት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ፊቷን ወደ ኮቶቼ አዙራ ዘመረች፤ ልብስ ባለበት ድምጽ አያስተጋባም ይላሉ። እኔ መሥሪያ ቤት ፋይል የማገላብጥ ሰው እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክና አንድ ጊታር አለኝ፤ ጊታሩን እኔው ተጫወትኩ። ኪቦርዱን ኢያኤል፣ ቤዝ ጊታሩን ሮቢ ተጫወቱ፤ ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ናቸው። የሃሴት ጓደኛ ታቢታ አዝማቹን ተቀበለች። የሁሉንም ድምጽ የማመጣጠኑ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ሰኞ ለምሳ ስወጣ መሃል ከተማ አብዱልሃሚድ ሱቅ ጎራ አልኩ። አብዱልሃሚድ ስፒከር ይሸጣል፤ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ባመጣለት ዘፈን ስፒከር ሲሞክር ነው የሚውለው። የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩለት። እጁን ባንኮኒው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ሴትየዋ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ማሻ አላህ! ይሄ ድምጽ መንገደኛ ያስቆማል። ሌላውን ሁሉ ቀንስላት። ጊታሩንማ በጣም ቀንሰው፣ ይጮሃል።»

አመስግኜው ወጣሁ። ፊቴ ግን በርበሬ መስሎ ነበር። መንገድ ላይ ለራሴ «ሙስሊም ሰው ስለ መዝሙር ምን ያውቃል?» አልኩ። በከተማው ውስጥ ከእሱ የበለጠ ስፒከር የሰማ ሰው እንደሌለ እያወቅኩ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ፣ ቅጂውን ለአምስታችን በተከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት።

በእኛ ዘንድ መዝሙር መተቸት ከባድ ነው። ለጌታ የተዘመረውን ማን ደፍሮ አልጣመኝም ይላል? ስለዚህ አስተያየት በምርቃት ይጀምርና በምርቃት ያልቃል፤ መሃሉ ላይ አንዲት «ግን» ተሸጉጣ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ የጻፈው ኢያኤል ነው። «ተባረኩ! ልቤ ተነካ። ግን ኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ቢል። ጌታ ይባርካችሁ።» እሺ አልኩና ከፍ አደረግኩት። ሮቢ ደግሞ እያለቀሰ እንደሰማው ጽፎ ቤዙ ትንሽ ከፍ ቢል አለ። ያስለቀሰው መዝሙሩ ይሁን የቤዙ ማነስ አልጠየቅኩትም፤ ከፍ አደረግኩ። ታቢታ የአራት ደቂቃ የድምጽ መልእክት ላከች። ሦስት ደቂቃ ተኩሉ ምርቃት ነው፤ የቀረው የተቀባይዋ ድምጽ ትንሽ ከፍ ስለሚልበት መንገድ ነው። እሺ አልኩ። በማግስቱ ኢያኤል ተመልሶ መጣ፤ ቤዙ ኪቦርዱን እንደሸፈነበት በትሕትና አስታወቀ። እንዲህ እያልን እስከ ሐሙስ ሄድን። ሁሉም መዝሙሩን ከፍቶ የሚያዳምጠው ራሱን ነበር። እኔ ብቻ ስለ ራሴ አንድም አስተያየት አልሰጠሁም፤ ጊታሬን ገና ከመጀመሪያው ከፍ አድርጌው ነበራ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። ድምጹ ከልኩ አልፏል፤ አንድ ነገር መቀነስ አለበት።

«ላንቺስ እንዴት ነው?» አልኳት ሃሴትን።

«እናንተ ካላችሁ ጥሩ ነው።»

«ስለ ድምጽሽስ?»

«ስለ ራሴ ምን እላለሁ? ድምጼን ጨምሩልኝ ብል ትዕቢት አይመስልም?»

ኢያኤልን ብቀንስ ይቀየማል። ሮቢ እንደገና ሊያለቅስ ነው። ታቢታ ሌላ አራት ደቂቃ ትልካለች። ቅሬታ ያላቀረበችው ሃሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን ቀነስኩ። ያውም ትንሽ ብቻ።

ያን ዕለት አማቴ እማማ ዘነበች ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ሃሴትን ያሳደጓት አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ገበያ ዓሣ እየሸጡ ነው፤ በዚያ ሁሉ የሻጭና የገዢ ጫጫታ መሃል የልጃቸውን ልቅሶ ለይተው ይሰሙ እንደነበር እስከ ዛሬ ያወራሉ። መዝሙሩን በስልኬ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ሲያልቅም አልገለጡም።

«እንዴት ነው እማማ?»

«ደስ ይላል፣ ልጄ። ሃሴት መቼ ነው የምትጀምረው?»

«አልቋል እኮ።»

«አልቋል?»

«የስልኩ ስፒከር ነው እማማ፣ ስልክ ላይ በደንብ አይሰማም» አልኳቸው። ሃሴት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የሰማች አትመስልም ነበር፤ ያንኑ ብርጭቆ ግን ደጋግማ አለቀለቀችው።

ዓርብ ላክሁት። የኮሚቴው መልስ ማክሰኞ መጣ። «በላካችሁልን ሥራ እጅግ ተባርከናል። ሙዚቃው ሰው ወደ አዳራሽ በሚገባበት ሰዓት እንዲከፈት ወስነናል። ወደፊት ጥሩ ድምጽ ያላት ዘማሪት ብታገኙና ብትዘምርበት ደግሞ የበለጠ ይባርካል።»

ግሩፑ ላይ ኢያኤል «ሃሌሉያ!» ብሎ ጻፈ። ሮቢ የሚያጨበጭቡ እጆች ደረደረ። ሃሴት መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«ዘማሪት ብታገኙ» አለች።

በዚያ ሳምንት ለሁሉም እሺ ያልኩት ደግ ሰው ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አይ ማለት ፈርቼ ነው። ለጊታሬ ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱም አልነበረብኝ። እንደገና እንዳስተካክለውና ኮሚቴውን እንድለምን ጠየቅኳት። «ተወው፣ ተወስኗል» አለችኝ።

የኮንፈረንሱ ቀን በጠዋት ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የኳየሩ ተራ ገና ነበር። ሰው እየገባ፣ ወንበር እየጎተተ፣ እየተቃቀፈ ሳለ መዝሙራችን በትልልቆቹ ስፒከሮች ተከፈተ። ኪቦርዱ አለ፣ ቤዙ አለ፣ ታቢታ ጥርት ብላ ማንም ያልዘመረውን ትቀበላለች። ሃሴት መጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። ቀጥላ ማንጎራጎር ጀመረች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ወጥ ስታማስል እንደምትዘምረው አድርጋ ለቀቀችው። መዝሙሩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ልክ ሆኖ የሰማሁት ግን ያኔ ነው።

ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴት ዞር አሉ። ፊታቸው ፈገግታ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ተባረኪ። ግን ትንሽ ቀነስ ብታደርጊው፤ መዝሙሩን እየሰማን ነው።»

ሃሴት መዝሙሯን አቋረጠች። አየችኝ። እሺ ልትል እንደሆነ ከዓይኗ አወቅኩ፤ እኔም አፌ ላይ የመጣው እሺ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ስለወጣ ሦስት ረድፍ ሰው ዞረ። «አትቀንስም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መዝሙሩ የእሷ ነው።»

ሴትየዋ ፈገግታቸውን ይዘው ቀሩ። ወዲያው ጊታሬ ገባ። አብዱልሃሚድ እውነቱን ነው፣ በጣም ይጮሃል። ሃሴት ተነስታ ቆመችና ከእሱ በላይ ዘመረች።