ጥሩምባ ያልነፋው ባቡር

ትግሉ በአዋሽ ከተማ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። በሥራው በማይክሮስኮፕ፣ በእረፍቱ በካሜራ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማየት ለምዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጥቶ የዕቃ ባቡሩ ከተራራው የሚወርድበት ኩርባ ላይ ይቆማል። ባቡሩን በየወቅቱ አንስቶታል፤ አንድ ፎቶ ግን ሁሌም ያመልጠዋል፦ ተራራው፣ ባቡሩና ግመሎቹ አንድ ላይ።

ምክንያቱ ጥሩምባው ነው። ሾፌሮች ኩርባው ጋ ሲደርሱ ረጅም ጥሩምባ ይነፋሉ። እዚያ የምታሰማራው ዘይቱና ግመሎቿን በዚህ ድምፅ አስለምዳቸዋለች፤ ሲሰሙት ያለ ጠባቂ ከሐዲዱ ይርቃሉ። ባቡሩ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሌላ ድምፅ እምብዛም የለውም።

ሰመራ ላይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን ትግሉ ለጓደኛው ለሾፌሩ ለደስታው ደወለ።

«ዛሬን ብቻ ጥሩምባውን ተውልኝ።»

«ግመሎቹስ?»

«ራቅ ብለው ነው የሚግጡት። ደግሞ እኔ እያየኋቸው አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሰርግ ፎቶ ልታነሳቸው ነው እንዴ?» ደስታው ሳቀ። «በል እሺ፤ ምሳው ግን ካንተ።»

እውነትም ግመሎቹ ራቅ ብለው ነበር። ትግሉ ካሜራው ላይ ዓይኑን ካሳረፈ በኋላ ግን ማየቱን ትቶ መጠበቅ ጀመረ። ከግመሎቹ አንዷ፣ ነጯ፣ ወደ ሐዲዱ ስትወጣ «አሁን አማረ» አለ በልቡ። ባቡሩ ብቅ ሲል አነሳ። ከዚያ ነው ባቡሩ የት እንደደረሰ፣ ግመሏም የት እንደቆመች የገባው። ጮኸ። ደስታውም ፍሬን ያዘ፤ ያ ሁሉ ፉርጎ ግን ባንዴ አይቆምም።

በማግስቱ የአካባቢው ሽማግሌዎች በግመሏ ሞት ጉዳይ ግራር ሥር ተቀመጡ። ጥሩምባ ከተነፋ ጥፋቱ የባለ ግመሏ ነው፤ ካልተነፋ የሾፌሩ። ደስታው «ነፍቻለሁ» ብሏል። ከመቀመጣቸው በፊት ትግሉን በክንዱ ይዞ፣ «እንጀራዬ ነው። የለመንከኝም አንተ ነህ» ብሎት ነበር።

ሽማግሌው መሀመድአሚን ወደ ትግሉ ዞሩ። «አንተ እዚያ ነበርክ። ነፋ ወይስ አልነፋም?»

«እሱ ያለውን እቀበላለሁ» አለች ዘይቱና ቀድማ። «የልጄን ወባ ያገኘው እሱ ነው። ወላሂ፣ አይዋሽም።»

ትግሉ ደስታውን ማየት አቃተው።

«አልነፋም» አለ። «እንዳይነፋ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ደስታው ብድግ ብሎ ሄደ፤ ዞሮም አላየው።

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው።

«ለፎቶ።»

«ለፎቶ?» አሉ፣ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ካሜራ እያዩ።

«አሳየኝ» አለች ዘይቱና።

ካሜራውን ሰጣት። ፎቶው እንደተመኘው ነበር፤ ተራራው ጠርቶ፣ ባቡሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ታጥፎ፣ ነጯ ግመል ፊት ለፊት ቆማ። የዘይቱና ልጆች ወተት ከእሷ ነበር። ዘይቱና ከግመሏ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቆየች።

«እሷ ባቡሩን አይደለም የምታየው» አለች በመጨረሻ። «አንተን ነው። ለምዳህ ነበር።»

ትግሉ ካሜራውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እሷ ግን እጁን አልፋ መሬት ላይ አስቀመጠችለትና ወደቀሩት ግመሎቿ ሄደች።