የአመተ ማርያም ልቃቂት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክር ሰብሳቢው ከበሬሳ ወንዝ ማዶ በመኪና መጣ። እኛ የደብረ ብርሃን ዳር መንደር ሴቶች የፈተልነውን የበግ ጠጉር በየልቃቂቱ ይዘን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠን ነበር። ክሩ አዲስ አበባ ምንጣፍ ይሠራበትና ምንጣፉ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል ይሉናል። ምንጣፉን ያየ ከእኛ ውስጥ የለም።

ታላቅ እህቴ አመተ ማርያም ራሷን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ባሏ ገብረ ጻድቅ ከሞተ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። በመንደራችን ባሏ የሞተባት ሴት እስከ አርባው እንዝርት አትነካም፤ ከነካች "ሟቹን ረሳችው" ትባላለች። ስለዚህ ድርሻዋን ተከፋፍለን ፈተልንላት። ሰብሳቢው አቶ ዘርአ ዳዊት ግን ገና ከጅምሩ አስጠንቅቆን ነበር፤ ከእሱ ጠጉር የወሰደች ራሷ ትፍተል፣ ለሌላ አሳልፋ የሰጠች ዳግመኛ አታገኝም። እህቴ መሬት የላትም። ልጆቿን ክረምቱን የምታሻግረው በዚህ ፈትል ብቻ ነበር።

አቶ ዘርአ ዳዊት ልቃቂቶቹን እየፈታ ክሩን በጣቱ ይዳስስ ጀመር።

"ሙሽራ መሰለዎት እንዴ፣ እንዲህ የሚያገላብጡት?" አለች የመንደሩ ቀልደኛ፣ ለተጊዮርጊስ የምትባለው። ሳቅን። እሱም ፈገግ አለ። የእህቴ ልቃቂት ላይ ሲደርስ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ይኼ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ ጌታዬ" አለች እህቴ።

"እዚህ ጋ ቀጭን፣ እዚህ ጋ እንደ ገመድ። ስንት ሰው ነው የፈተለው?"

"እኔው ነኝ።"

"በይ እንዝርት ያዢና እዚሁ ፍተዪ። እጅሽን ልየው።"

እህቴ ቀና ብላ ወለተሐናን አየቻት። ወለተሐና የሟቹ እህት ናት፤ የምትቀየም ቢኖር ከሁሉ በፊት እሷ ነበረች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ወለተሐና እንዝርቷን ከመቀነቷ መዘዘች።

"እንኪ" አለች። "ወንድሜ ልጆቹ ጠግበው ቢያድሩ ነው የሚወድ። የሚያማሽ ካለ ወደ እኔ ይምጣ።"

እህቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከረከረችው። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለችው፤ ደግሞ ተበጠሰ። ቀጥሎ እጇ ጸናና ቀጭን፣ አንድ ወጥ ክር ወረደ። ከመንደሩ እንደ እሷ የሚፈትል አልነበረም። "ተመስገን" ልል አፌን ስከፍት የሰውየውን ፊት አየሁ።

"ግሩም እጅ ነው" አለ፣ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጎን ይዞ። "ግን ይኼን የፈተለች ሴት ያንን አልፈተለችም።"

"እኛ ነን የፈተልንላት!" አለች ለተጊዮርጊስ። "ሐዘንተኛ ናት፤ አርባው አልወጣም። አይታይዎትም?"

"ወጋችሁን አልነቀፍሁም፣ እመት። ለአንዷ ደንቡን ብተው ነገ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ።"

ልቃቂቱን እህቴ ጭን ላይ መለሰላት። ለሌሎቻችን አዲስ ጠጉር አደለን። እሷን ዘለላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ከየድርሻችን ጥቂት ጥቂት ቀንሰን ጠጉሩን ቤቷ አደረስን። አርባው እንደ ወጣ መፍተል ጀመረች። ሰብሳቢው መምጣት እስካቆመበት እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ የእህቴን ክር በእኔና በወለተሐና ስም እናስረክብ ነበር።