በበርበሬ ጣሳ ያደረችው ገመድ

ጥላዬ መኪናውን የሚወዳትን ያህል ሰው አይወድም። ይህን የምትለው ሌላ ሳትሆን የገዛ ሚስቱ ዘውድነሽ ናት። መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ በደሞዝ የሰው መኪና ሲያቆም ስለሚውል፣ መኪና እንዴት እንደሚሰረቅ ከእሱ በላይ አዋቂ የለም። ማታ ማታ መሪውን በሰንሰለት ይጠፍራል፣ ሬዲዮኑን ነቅሎ ብብቱ ስር ይሸጉጣል፣ በመጨረሻም ኮፈኑን ከፍቶ ለሞተሩ እሳት የምታቀብለውን ጥቁር ገመድ መዞ ኪሱ ይከታታል። ያለ እሷ መኪናዋ ድንጋይ ናት።

"ሌባው ቁልፍ ቢሰብር ገመድ ከየት ያመጣል?" ይላል እየሣቀ።

ዛሬ የዘውድነሽ የመንጃ ፈቃድ ፈተና፣ ሮድ ቴስቷ ነው። ሁለቴ ወድቃለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ስማይርና ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ከሰኞ ጀምሮ ሊቀጥራት ቃል ገብቷል፤ እዚያ ደግሞ አውቶቡስ የሚባል አይደርስም። ላይሰንስ ከሌለ ሥራም የለ። ጥላዬ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ መኪናዋን አጠበላት፣ ሰንሰለቱን ፈታላት፣ "አይዞሽ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው" ብሎ ግንባሯን ስሞ በአውቶቡስ ሥራ ሄደ።

ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን ጠመዘዘች። ሞተሩ ክርር ክርር ብሎ ዝም አለ። ወርዳ ኮፈኑን ብትከፍት ገመዷ የለችም! ለካ ሰውየው በጃኬቱ ኪስ ይዟት ሄዷል።

"ወይኔ ጉዴ! የገዛ ባሌ ሰረቀኝ!" ብላ አለቀሰች።

ላይሰንስ ስላላት አብራት ልትሄድ የመጣችው ጎረቤቷ ደጊቱ ግን "ቆይ፣ የእኛስ?" አለች። ባሏ ብርሃኑ ያንኑ ዓይነት መኪና አለው። ፍሬኑ ተበላሽቶ ከቆመ ከርሟል፤ ቢሆንም የጥላዬን ዘዴ ከሰማ ወዲህ ገመዱን ደብቆ ነው የሚተኛው። ፍሬን የሌለው መኪና የሚሰርቅ ሌባ ካለ እግዜር ይሁነው!

ደጊቱ ሮጣ ገባችና ከበርበሬ ጣሳ ውስጥ ገመዱን አወጣችው። "ሌባ ቢነካው ያስነጥሰው ብሎ እኮ ነው" አለች፣ ራሷ እያስነጠሰች። ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰኩት፤ መኪናዋም ተነሳች።

ፈተናው ላይ ሞተሩ ሲግል በርበሬው ይሸት ጀመር። ፈታኙ መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥስ ዘውድነሽ ሣቋን አፍና ስትይዝ ፍርሃቷን ረሳችው። በሁለት መኪና መሐል እንኳ ቀጥ አድርጋ ፓርክ አደረገች። አለፈች!

ስትመለስ ለጥላዬ ልክ ልኩን ልትነግረው አፏን አሹላ ነበር። ግቢው ውስጥ ስትገባ ግን እሱ ከሥራ ሮጦ መጥቶ መኪናዋ የምትቆምበት ባዶ ቦታ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ገመዷ በእጁ ናት። ብርሃኑ ከእንቅልፉ ተነስቶ ከፊቱ ቆሟል፤ ሁለቱም መግባቷን ልብ አላሉም።

"መኪናህ ተሰርቃ ትቀመጣለህ እንዴ? ፖሊስ እንጥራ እንጂ!"

"መኪናዋን ጅብ ይብላት!" አለ ጥላዬ። "የዘውዴን ፈተና በኪሴ ይዤባት ሄድኩ። አሁን በምን ዓይኔ ነው የማያት?"

ዘውድነሽ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋት። ክላክሱን ስትነካው ጥላዬ ዘሎ ተነሳ። መኪናዋ እንዴት እንደተነሳች አልጠየቀም።

"አለፍሽ?"

"አልፌአለሁ። ና ግባ፣ ሥራህ ላድርስህ።"

መሪዋን ለሰው አሳልፎ የማይሰጠው ጥላዬ ደጊቱ በለቀቀችለት ወንበር ጎኗ ተቀመጠ። ገመዷን መዳፏ ላይ አኖረላትና በርበሬ በሚሸተው መኪና ውስጥ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"በርበሬው ነው" አለ።