ጀርባውን የሰጠው ሰው

ሄዋን ያንን ተራራ የሳልኩት ለጌታ ክብር ነው ብላ ነበር፤ ዋሽታለች። የሳለችው ለወንድሟ ለአብዮት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሞት፣ ባሕር ማዶ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ ያለችው የቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ጠጪ ነበር፣ ንስሐም አልገባ» ብለው አስከሬኑን ከበር መለሱት። አሁን ለመድረኩ ጀርባ ትልቅ ሥዕል ሳዪልን ሲሏት፣ በዚያው በር አስገባዋለሁ አለች በልቧ።

ኮሌጅ የተማረችውን የድሮ አውሮፓ ሠዓሊዎች ዘዴ ተከተለች። እነዚያ ሰዎች እግዜርን በአካል አይስሉም፤ ከሩቅ ተራራ ኋላ ብርሃን ያወጡና ከፊቱ አንድ ትንሽ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን እንዲቆም ያደርጋሉ። ፊቱን የሚደብቁን ብርሃኑን አብረነው እንድናይ ነው። ሄዋንም ከከተማቸው ከሚታየው ከሬኒየር ተራራ ኋላ ንጋት አወጣች፤ አብዮትን ከንጋቱ ፊት አቆመችው።

ሥዕሉ ቅዳሜ ተሰቀለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ መልከጸዴቅ በማያውቁት ነገር ለመፍረድ የሚቀድማቸው የለም። ጴንጤ ከሆኑ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን የሚያሳየው የልጅነት ደብራቸው ሥዕል አልለቀቃቸውም።

«ሰይጣን እንኳን አንድ ዓይን ይሳልለታል፤ ይሄ አንድም የለው! ብርሃን ፊት ቆሞስ ለምን ጠቆረ?»

«ጋሼ፣ ብርሃኑ ከፊቱ ስለሆነ እኮ ነው። እርስዎም ከኋላው ሆነው አብረውት እንዲያዩ...»

«ኦኬ፣ ብርሃኑ ይቆይ። ሰውየው ይጥፋ። ምን ይላሉ እህት አበዛሽ?»

የጸሎት ቡድኑ መሪ አበዛሽ የሄዋንና የአብዮት እናት ናት። ሄዋን በዓይኗ ለመነቻት። አበዛሽ ሥዕሉን ብዙ አየችው።

«ይጥፋ» አለች።

ሄዋን በገዛ ብሩሿ ወንድሟን በጭጋግ ሸፈነችው። ጋሽ መልከጸዴቅ «አሁን ጠራ!» ብለው መረቋት፤ እሷ ብሩሿን አጥባ ቦርሳዋ ከተተች።

ቤታቸው ወዳለበት ወደ ሬንተን ሲመለሱ ሀይዌዩ በመኪና ተጨናንቋል። ሄዋን መሪውን ይዛለች፣ እናቷ ከጎኗ ናት። በመጨረሻ ሄዋን አልቻለችም።

«እማዬ፣ ሰውየው እኮ አብዮት ነበር።»

«የወለድኩት ትከሻ ይጠፋኛል?»

ሄዋን ዞራ አየቻት። «አውቀሽ ነው?»

«ሬሳውን ሲመልሱት ከነሱ ጎን ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አለች አበዛሽ። «በየእሁዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየቆመ፣ በምን አፌ እጸልያለሁ?»