በድንኳኑ መሃል

ሐኪሙ የመውጫ ወረቀታችንን የፈረመው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከሆስፒታል የሚወጣ ወይ ድኗል ወይ ሞቷል፤ እኛ ግን አልጋችን የተፈለገብን ነበርን። የአራት ዓመቷ ልጄ ክብረት በሳንባ ምች ሦስት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይታ፣ ያን ዕለት ጠዋት ተነቀለላት። ማታ ደግሞ ከእሷ የባሰ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። ሐኪሙ «አልጋውን ብትለቁልን» ሲለኝ ምላሴ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ የሕፃኑን ከንፈር አየሁት። ሰማያዊ ነበር። ዕቃዬን ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

«ሁለት ነገር ብቻ» አለኝ ሐኪሙ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ እያየኝ። «አንደኛ፣ ብርድ እንዳይነካት። ሁለተኛ፣ ስትተኛ ትንፋሿን በደቂቃ ስንት እንደሆነ ቁጠሪ። ከአርባ ካለፈ ሰዓት ሳትይ መልሰሽ አምጫት። መቁጠር ትችያለሽ አይደል?»

«እስከ አርባ እንኳ አያቅተኝም» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ላምበረት መናኸሪያው በር ላይ ባለች ቆርቆሮ ሱቄ ውስጥ ግን ዲግሪ ያለው ሁሉ የሞተ ስልኩን ይዞ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣሉ ስልኮችን እየፈታሁ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ፣ ኢንተርኔት ላይ ሕንዶች የሚያወሩትን ሳልሰማ እጃቸውን ብቻ እያየሁ ነው የተማርኩት። እና ሰው ከማስቸግር ጥርሴን ብነቅል ይሻለኛል። ክብረትን በንጋት አዝዬ ወደ ሆስፒታል ቁልቁል ስሮጥ እንኳ ለማንም አልተናገርኩም። የአንድ ጎረቤት ቁጥር ስልኬ ላይ የለም።

በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ጠራሁ። ሦስት ሾፌሮች ተራ በተራ ደውለው «ወዴት ነው?» አሉኝ። «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት» ስል ሦስቱም ሰረዙኝ። አራተኛው ሳይደውል መጣ። ጠሀ ይባላል፤ የኮተቤ ልጅ ነው፣ በእኔ ዕድሜ፣ ነጭ ቪትዝ ያለው።

«ወዴት ነን እህቴ?»

«መጀመሪያ በሩን ልዝጋ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።» ዘጋሁ። «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት።»

«ኧረ ተይ! በዚህ ሰዓት? እዚያ እኮ ጅብ አለ።»

«ጅብ መኪና አይበላም።»

«ጎማ ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ከኋላኛው ይጀምር፤ እስከዚያ እንደርሳለን።»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ጭኔ ላይ በጋቢ የተጠቀለለውን አሁን ነው ያስተዋለው። «ልጅ ናት እንዴ? እኔ ጓዝ መስሎኝ!» መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ። «ማሞቂያው የሚሠራው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ጠጋ በይ።»

ጠጋ አልኩ። ሳልጠይቀው ሬዲዮውንም አጠፋው። የስልኬን ሰዓት ከፍቼ እጄን ክብረት ደረት ላይ አድርጌ ቆጠርኩ።

«ስንት ሆነ?» አለኝ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር። ለምን እንደምቆጥር ነግሬው ነበር።

«ሠላሳ ስምንት።»

«አርባ ካለፈስ?»

«ትመልሰናለህ።»

«እሺ። ነዳጅ ሞልቻለሁ።»

ይህችን ሦስት ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አንዳንድ ሰው አይዞሽ ማለትን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። የታኅሣሥ ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፤ እኔ በጀርባዬ ስንጥቁን ደፍኜ ተቀመጥኩ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ጀመረ። ከመጨረሻው መታጠፊያ በኋላ ጠሀ ፍሬን ያዘ።

መንገዱ ላይ ከአጥር እስከ አጥር ድንኳን ተተክሏል።

«ለቅሶ ነው» አለ።

«ማን ሞቶ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰፈርሽ ነው።»

ሌላ የመኪና መንገድ የለም። ከዚያ እስከ ቤቴ ሽቅብ የሃያ ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ድንኳኑ የተተከለው እትዬ ሸዋረጋ ደጅ ላይ ነው። ከእሳቸው ጋር ደግሞ ከክረምቱ ጀምሮ አንነጋገርም። የውሃ ቦኖው ጋ ወረፋ ይዘን ሳለ ክብረትን አይተው፣ «ይቺ ልጅ ቁርጥ አባቷን ትመስላለች፣ ማን እንደሆነ ብናውቀው» አሉ፤ ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ «የእርስዎ ባል እንዳልሆነ ልማልልዎ እችላለሁ፤ ጋሽ በዳዳ ያለ እርስዎ ፈቃድ ከበር ወጥተው አያውቁም» አልኳቸው። በኋላ እንደሰማሁት ጋሽ በዳዳ ራሳቸው ይህን ሰምተው ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። እትዬ ሸዋረጋ ግን አልሳቁም።

ማለፊያ ለመጠየቅ ክብረትን ከማላውቀው ሰው ጋር መኪና ውስጥ ትቼ መውረድ አልፈለግሁም። ጋቢውን እስከ ፀጉሯ ጫፍ ሸፈንኩላት፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ፣ አቅፌያት ወረድኩ። የድንኳኑን ሸራ ገልጬ ገባሁ።

ወንዶቹ እንቅልፍ ለማባረር ካርታ ይጫወታሉ። ሴቶቹ ጋቢ ተከናንበው ከእትዬ ሸዋረጋ ፍራሽ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፤ ካርታው ቆመ።

ምን እንደሚያዩ አላሰብኩም ነበር። ልጇን ይዛ ሆስፒታል የሄደች ሴት በአራተኛ ቀኗ፣ በእኩለ ሌሊት፣ እስከ ራሱ የተሸፈነ የማይንቀሳቀስ ነገር ታቅፋ፣ ቀጥ ብላ ለቅሶ ድንኳን ገባች። ሌላ ምን ይሉ?

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ጎረቤታችን እትዬ አሳየች ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ። «ወይኔ ክብረት! ወይኔ የሥርጉት ነገር!» «ቆይ፣ እኔ...» አልኩ፤ ማን ይሰማኛል? ካርታው መሬት ተበተነ። ጠሀ ከኋላዬ ሮጦ ገብቶ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው «ምንድነው? ምን ሆነች?» ይላል።

እትዬ ሸዋረጋ ጥቁር ለብሰው ከፍራሹ ተነሡ። መጥተው እኔንም ልጄንም በአንድ ላይ አቀፉን።

«አንቺንም መታሽ ሥርጉት?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ። «እኔስ ከበዳዳ ጋር አርባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አንቺ ከልጅሽ ጋር ገና አራት ዓመትሽ ነው፤ ምን አደረግሽ?»

ማን እንደሞተ ያወቅሁት በዚህ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ያን ሁሉ ሰው ዝም የሚያሰኘው ምላሴ አንድ ቃል አላወጣም።

በዚህ መሃል ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ሽንቴ መጣ።»

ድንኳኑ ጭጭ አለ። እትዬ ሸዋረጋ ጋቢውን በሁለት ጣታቸው ገለጡት። ክብረት መብራቱ ዓይኗን እየወጋት ተኮሳትራ አየቻቸው።

«ሽንቴ መጣ አልኩ እኮ!»

እትዬ ሸዋረጋ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እያለቀሱ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። «አቤት! ከእናቷ ምላስ ምን ቀራት!» አሉ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ አፉን በነጠላ እየሸፈነ፣ እርስ በርስ «ተው፣ ለቅሶ ቤት ነው» እየተባባለ። እትዬ አሳየች ደረታቸውን የመቱበትን እያሹ ፖፖ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሮጡ።

«ጋሽ በዳዳ መቼ ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ትናንት ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሊሞቅ ተቀምጦ ሳለ። ዛሬ ቀበርነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎ። አልሰማሁም ነበር።»

«በምን ትሰሚያለሽ? አንቺም ሳትነግሪን ነው የሄድሽ። አዝለሻት ስትሮጪ ያየሽ ሰው ነግሮን፣ ሦስት ቀን ሙሉ የትኛው ሆስፒታል እንደሆንሽ ስንጠያየቅ ነበር።»

ይጠያየቁ ነበር!

«ብርድ እንዳይነካት ብለውኛል» አልኩ። «እና መኪናው...» ባሏን በቀበረችበት ቀን አንዲትን ሴት ድንኳንሽን አንሺልኝ እንዴት ይሏታል?

እሳቸው ግን ዞረው መኪናውን አዩ፣ ዳገቱን አዩ፣ ልጄን አዩ።

«አግዳሚውን አንሡ!» አሉ።

«ምን?» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደ ሐዋርያት።

«ወንበሩን ወደ ዳር፣ ሸራውን በሁለቱም በኩል ጠቅልሉ። መኪናው በመሃል ይለፍ።»

«ሸዋረጋ፣ ሠላሳ ዓመት እድር ስመራ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ መኪና ሲያልፍ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ዛሬ አብረን እናያለን። በዳዳ ቢኖር ሸራውን መጀመሪያ የሚይዘው እሱ ነበር።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ካፖርታቸውን አስተካክለው፣ መሃል ላይ ቆመው እንደ ፓርኪንግ ሠራተኛ «ና፣ ና፣ ና! ወደ ግራ ስበር! ቀጥ!» ማለት ጀመሩ። ወንዶቹ አግዳሚውን ተሸክመው ወደ አጥሩ ተጠጉ፤ ሴቶቹ ፍራሹን ጠቅልለው፣ የንፍሮውን ሳፋ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ጠሀ ረጅሙን መብራት አጥፍቶ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብሎ ነዳ። በመስኮቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አንገቱን እየሰበረ «አላህ ያጽናችሁ፣ ይቅርታ፣ አላህ ያጽናችሁ» ይላል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ከሁለቱም ጎን የቆመውን ሰው ሁሉ ፊት አየሁ። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ ቃል ያልተናገርኩት ስንቱን ነው? ሦስት ቆጠርኩ፤ አንዱ ሕፃን ነው።

ድንኳኑን እንዳለፍን የመኪናው በር ተከፍቶ እትዬ ሸዋረጋ ገቡ።

«ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ሳይሞላው ከቤት ወጥቶ ወዴት?» ብለው ጮኹ እትዬ አሳየች።

«ከትናንት ጀምሮ ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ሄጄ የሚተነፍስ ሰው እሰማለሁ። ንዳ ልጄ።»

ነዳ።

ቤት ገብተን ክብረትን አልጋው ላይ በትራስ ከፍ አድርጌ አስተኛኋት። ጠሀ በሩ ላይ ቆሞ አልሄድ አለኝ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ቁጠሪና ልሂድ። ከአርባ ካለፈ ማን ይመልሳችኋል? ጅቡ?»

እስክትተኛ ጠበቅን። ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። ስነግረው አውራ ጣቱን ቀስሮ ከራሱ ጋር የተስማማ ይመስል ራሱን ነቀነቀና ወረደ። በማግስቱ እንደሰማሁት ሸራውን ሳያወርዱ ጠብቀውት፣ ንፍሮ በፌስታል ሞልተው አሸክመው ነው የሸኙት።

እትዬ ሸዋረጋ በርጩማውን ስበው አልጋው ጎን ተቀመጡ።

«አንቺ ተኚ።»

«አይ፣ እርስዎ ነዎት ማረፍ ያለብዎ፤ ደግሞ እኔ...»

«ዓይኔ አልከደን ብሎኛል። አንቺ ቆመሽ እየተኛሽ ነው። ስልኩን አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። እዚህ ሲነኩት ይጀምራል፣ ደቂቃው ሲሞላ ይጮሃል።

«ሲጮህ የደረስኩበትን እይዛለሁ። ከአርባ ካለፈ እቀሰቅስሻለሁ። ምን ይከብዳል?»

ሱቄ ውስጥ ሰው መፍቻዬን እንኳ ሲነካብኝ አልወድም። ያን ሌሊት ግን ክብረት እግር ሥር ጋደም አልኩ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ በትክክል መቁጠራቸውን ልስማ ብዬ። እጃቸውን ደረቷ ላይ አድርገው በሹክሹክታ ጀመሩ። አልፈጠኑም፣ አልዘለሉም። ስልኩ ጮኸ።

«ሠላሳ ሦስት» አሉኝ። «ተኚ፣ እንደገና ልጀምር ነው።»

«ተመስገን» አልኩ። ለእሳቸው ይሁን ለእግዜር እኔም አልለየሁትም። እሳቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አላውቀውም።