ፍሬን የሚረግጠው እግር

"አጥፊው ብያለሁ!" አለ ሾፌሩ፣ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ብድግ ብሎ። እንቅልፉ ገና ከዓይኑ አልለቀቀም። "የተኛ ሰው መቅረፅ ምን የሚሉት ብልግና ነው?"

ትኬት ቆራጯ ስልኳን አልሸሸገችም። "መጀመሪያ ይዩት፣ ጋሼ። ከዚያ አጠፋዋለሁ።"

አየው። አንድ ጎልማሳ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ቀኝ እግሩ ግን አልተኛም፤ ዘለል ይላል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ የፊቱን ወንበር በእርግጫ ይለዋል። የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው። በዚያ እግር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬን ረግጦበታል።

"ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ባሉ ቁጥር ነው፤ ሦስተኛ ሳምንቱ" አለችው።

"በየወሩ ደሜን በከረጢት እየቀዱት እግሬ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል?"

የምትከታተለው ሐኪም ከሁለት ዓመት በፊት ነግራዋለች፤ ሰውነትህ ደም ከልክ በላይ ያመርታል፣ ረግቶ እንዳይገድልህ እድሜ ልክህን እየቀዳን እንቀንስልሃለን ብላ። የተማረ ሰው ሲያስረዳው ጆሮው ይደፈናል፤ ከዚያ ሁሉ የገባው መውሰዳቸው ብቻ ነው። ከእሱ ያልወሰደ ማን አለ? አባቱ ከስድስተኛ ክፍል አስቀርቶት በጉልበቱ ታናሹን አስተማረበት። መሪ ያስጨበጠው የገዛ ረዳቱ፣ አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ብሎ፣ ይኸው ስምሪት ኃላፊ ሆኖ በቢሮው መስኮት "አንተ!" እያለ ያዘዋል። አሁን ደግሞ ደሙ! የተወሰደበትን ለመተካት ማንንም ሳያማክር ከፋርማሲ ክኒን ገዛ። ሐኪሟ "ደምህ አልቀንስ አለ፤ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?" ስትለው "ምንም" ይላል።

ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ አንዱን ቀይ ክኒን መዳፉ ላይ ጣል አደረገ።

"ይሄን እኮ እናቴ ናት የምትወስደው!" አለች ትኬት ቆራጯ።

"እናትሽ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ደም ማነስ። አይረን ነው፤ ደም እንዲጨምርላት። የእርስዎ የበዛ ነው አላሉኝም?"

ብልቃጡን አገላብጦ አየው።

"ጉድ እኮ ነው! እነሱ ይቀዳሉ፣ እርስዎ ይሞላሉ። ጎማ ቢሆኑ ይሄኔ ፈንድተዋል።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?" አለ፤ ድምፁ ግን ወርዷል። ክኒኑን መልሶ ብልቃጡ ውስጥ ከተተው።

"ሰባት ቁጥር! አስር ደቂቃ አልፎሃል፣ አንተ!" ብሎ ጮኸ ስምሪት ኃላፊው ከመስኮቱ።

መሪው ላይ ተቀመጠ። ተሳፋሪው ሞልቷል፤ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሞተሩን አስነሳና ቀኝ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ። እግሩ ጭጭ ብሏል። ያስፈራውም ይኸው ነው፤ ስልኩ ውስጥም ከመዝለሉ በፊት እንዲህ ጭጭ ብሎ ነበር።

ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆንን?" አሉ ሽማግሌው።

"ሌላ ሾፌር ይመጣል፣ አባቴ።"

ወደ መስኮቱ ሄዶ ቁልፉን አስቀመጠ።

"ደግሞ ምን አኮረፈህ?" አለ ስምሪት ኃላፊው።

"ሌላ ሰው መድብ። ስተኛ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው።" ይህችን ቃል በዚህ መስኮት ከሚናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጥ ነበር።

"መንጃ ፈቃድህን ሊይዙብህ እንደሚችሉ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

ስምሪት ኃላፊው ቁልፉን ሲያነሳ ቀና ብሎ አላየውም።

ሲመለስ ትኬት ቆራጯ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። "ላጠፋው ነው፣ ጋሼ። ቃሌ ቃል ነው።"

"ተይው" አለ፣ ብልቃጡን ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ። "ለኔ ላኪልኝ። ከዚህ ጋር ለሐኪሟ አሳያታለሁ።"